ተጋድሜ የሞከርኩት መኪና

ከጅማ እስከ ቴፒ ባለው አገር መኪና የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ገና አልተወለደም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ኖሮ ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ እል ነበር። ሞተር ሲነሳ ከሰማሁ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ብቻ ሳይሆን ባለመኪናው ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደወጣ ጭምር እናገራለሁ። ጎማውን በጫማዬ ጫፍ መታ ሳደርገው ጎማው ራሱ ኃጢአቱን ይናዘዛል። በዚያን ዘመን ሚዛን ከተማ ውስጥ እኔን ሳያማክር መኪና የገዛ ሰው አልነበረም። አማክሮኝ ከገዛ በኋላ ሁለተኛ ያማከረኝም አልነበረም።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን አለች፤ መንዳት አልችልም። የቤታችን ሹፌር ባለቤቴ ሙሉ ናት። እሷ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣ እኔ የኮረሪማና የቁንዶ በርበሬ ነጋዴ ነበርን። ቤታችን ከሚዛን አጠገብ ካለችው ከአማን ወጣ ብሎ፣ ቡና መሃል፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚወጣው ቀይ ዳገት ላይ ነው። ያ ዳገት በበጋ አቧራ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሳሙና ነው። በእኛ አገር የዝናብ ጊዜ የሚባለው ደግሞ በጋ ያልሆነው ጊዜ ሁሉ ነው፤ በጋም ቢሆን አያስተማምንም።

የመጀመሪያዋን መኪናችንን የመረጥኳት እኔ ነበርኩ። ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር የማትርቅ የቤት መኪና። ቀለሟ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ስለነበር ፊቴን አይቼባት ሞተሯን ማየት ረሳሁ። ሁለተኛዋ ልጃችን ልትወለድ ሙሉን ምጥ ሲይዛት ከእሷ በቀር የሚነዳ ሰው ስላልነበረ ራሷ መሪውን ያዘች። ምጡ ሲመጣ ፍሬን፣ ምጡ ሲሄድ ነዳጅ እያለች ዳገቱን ወረደች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ማርሽ ቀንሺ» እላለሁ። ዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ያቺ ሰማያዊ መኪና ጭቃው ላይ እንደ ዳክዬ በሆዷ ተቀመጠች፤ አልነቃነቅ አለች። ልጃችን እዚያው ኋላ ወንበር ላይ፣ በሰፈር ሴቶች እጅ ተወለደች። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ወንዶቹ ሙሉን በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ለትንሽ ተረፈች። ይህን ሳወራ አልቀልድም፤ የዚያን ቀን ፊቷ የነበረውን መልክ ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ባረገዘች ጊዜ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ «ምጥ ጀመረኝ ባልሽበት ሰዓት እዚህ መሆን አለብሽ። ቤት የሚጠበቅ ነገር የለም። መደንገጥም መናደድም አያስፈልግም» አላት። እኔን ደግሞ ዞር ብሎ አይቶ «መኪና አላችሁ?» አለኝ።

«አለን፤ ዶሮዎች ይተኙባታል» አልኩ።

እንግዲህ አዲስ መኪና የማግኘቱ ነገር የቅንጦት አልነበረም። የሙሉ ነፍስ ጉዳይ ነበር። እሷ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተቀመጥንበት።

«እንከራይ» አለች ሙሉ። «ቴፒ ሐጂ ከድር ያቺን ረጅም ፎርዊል መኪና በወር ከነሹፌሯ ያከራያሉ አሉ። ወልጄ እስክነሳ እንያዛት። ብትበላሽም የእሳቸው ራስ ምታት ነው።»

«ኪራይ?» አልኩ፤ በወንበሬ ላይ ቀና ብዬ። «የእኔ ቤት ኪራይ መኪና ሊቆምበት? ሐጂ እንደሆኑ ይሸጧትማል። እንግዛት! በኪራይ መኪና ስሄድ ሰው ሰላም የሚለው ባለቤቱን እንጂ እኔን አይደለም። የማንን መኪና ነው የሚነዳው ይሉኛል።»

«አንተ መቼ ትነዳለህ?»

«ለምሳሌ ያህል ነው ያልኩት።»

«እሺ ገዛን። ምጥ ሲይዘኝ ማን ይነዳታል?»

«እስከዚያ እለማመዳለሁ።»

«ታዬ፣ ባለፈውም እስከዚያ እለማመዳለሁ ብለህ የትምህርት ቤታችንን አጥር ጥለሃል። ልጆቹ አሁንም በዚያ ሽንቁር ነው የሚጠፉት።»

ሲጨንቀኝ እንደማደርገው መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። በመጨረሻ የተስማማነው ቴፒ ሄጄ መኪናዋን ለሙከራ ከነሹፌሯ ላመጣት፣ ሙሉ አይታት ግዢ ወይ ኪራይ መሆኑን እንድንወስን ነው። እግረ መንገዴን ቴፒ የሚኖሩትን እናቷን እማማ ወርቄን በአራስነቷ እንዲንከባከቧት ይዤ እመለሳለሁ። ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «አምጣት እንጂ እንዳትዋዋል! ፊርማህን ቤት ትተህ ሂድ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ስወርድ የዕድራችን ሊቀመንበር አባባ ማርቆስ መንገድ ላይ ያዙኝ። የቤንች ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ቀስ ያለች፣ ግን እያንዳንዷ ቃል ሚዛን ላይ ተመዝና የምትወጣ ናት።

«መኪና ልታይ ነው አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ቀለሙን ተው። ቁመቱን እይ። ቃሬዛ ይገባል?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ የቤተሰብ መኪና ነው።»

«እኛ ምንድን ነን?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በእኛ ሰፈር መኪና ያለው ሰው የሰፈሩ አምቡላንስ ነው፤ ሲብስም የሰፈሩ ሬሳ ጫኝ ነው። በር ሲንኳኳ ተነስቶ ቁልፍ ማንሳት እንጂ ለምን ማለት የለም። ስለዚህ የአንድ ቤት መኪና ቁመት የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። «ራሴ ተኝቼበት ለክቼ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

እንደ ልማዴ ቁርስ ሳልበላ፣ ኪሴ ውስጥ ሎሚ ይዤ በሚኒባስ ቴፒ ገባሁ። ሐጂ ከድር ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቅመማ ቅመም መጋዘናቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ረጅም ናት፤ ከመሬት ብድግ ያለች ናት። ከኋላ ያሉት ወንበሮች ወደ ጎን ሲታጠፉ ቡና ቢሰጣባት ይደርቃል።

ጎማዋን በልማዴ መታ አደረግኩ። ጎማው ምንም አልተናዘዘም፤ የጫማዬ ሶል ግን አፉን ከፈተ። አፍሬ ወደ ፊት አለፍኩና የሞተሩን ክዳን አስከፍቼ ጆሮዬን አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እህ» አልኩ። «አተነፋፈሱ ጥሩ ነው።»

«ታዬ» አሉ ሐጂ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ሞተሩ እኮ አልተነሳም።»

ሹፌሩ ሙክታር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታየኛል።

«ለማንኛውም» አሉ ሐጂ፣ «ብትገዙኝም ብትከራዩኝም ለእኔ ያው ነው። ውሰዷትና ባለቤትህ ትያት። እሷ ስትነዳ አይቻለሁ፤ የምሰጥህም እሷን አምኜ ነው።»

ከዚያ ሄደን እማማ ወርቄን ጫንን። ምስኪን፣ ጥርሳቸው እንደ እሳት ይዟቸው ጉንጫቸው የማንጎ ያህል አብጧል። አገጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ አፋቸውን በቅርንፉድ ሞልተው፣ እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። «እዚሁ ቴፒ እናስነቅልልዎ» ስላቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅርንፉዱን ለአፍታ ወደ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው «ልጄ ፊት ነው የማስነቅለው» አሉና አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ሚዛን እስክንቃረብ አንድ ቃል አልተናገሩም።

እሳቸው ከፊት ከሙክታር ጎን ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ወንበሮቹን አጥፌ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አለኝ ሙክታር።

«ቁመቱን እየሞከርኩ ነው። አደራ አለብኝ፤ የዕድር ትእዛዝ ነው። አንተ ብቻ ቀስ በል። የሙከራ ጉዞ ቀስ ነው የሚባለው።»

ዝናቡ ያካፋል፣ አየሩ ቀዝቅዟል። የእማማን ነጭ ጋቢ ከሻንጣቸው አውጥቼ ከእግር ጥፍሬ እስከ አገጬ ለበስኩ። ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉሙ እንደ ወተት ወረደ። ሙክታር የፊት መብራቱን አበራ። እኔንም ወዲያው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

እስቲ አሁን እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ ይህችን መኪና እዩዋት። በቀን መብራት አብርታ ቀስ ብላ ትመጣለች። ከፊት አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ጠምጥመው ያለቅሳሉ። ከኋላ አንድ ሰው በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ወለል ላይ ተዘርግቷል። አንድ እግሩ ከጋቢው ወጥቷል፤ ጫማውም አፉን ከፍቷል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መንገዳችን ላይ ያለችው ሸኮ ከተማ ስንደርስ ሙክታር ሻይ ልጠጣ ብሎ ወረደ። ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ተኝቼ ስለነበር ኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል ወደ መኪናዋ የተጠጋው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወልዴ! የእኛው የዕድር ጡሩምባ ነፊ! ሙያው ሞት መናገር የሆነ ሰው! በመስኮቱ አጮልቆ አየኝ። አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው፤ ያውም ዓይኔ እኩል አይከደንም። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እማማ፣ ታዬ አይደለም እንዴ? ምን አግኝቶት ነው?» አላቸው።

እማማ ወርቄ አፋቸውን ቢከፍቱ ንፋስ ጥርሳቸውን ይነካዋል። «ተወኝ ልጄ፣ እኔ በራሴ ሕመም ተይዣለሁ» ለማለት እጃቸውን አወናጨፉና የባሰ አለቀሱ። ወልዴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ለአባባ ማርቆስ ደወለ፤ ከዚያ ጡሩምባው ቤት ስለነበረች በኪራይ ሞተር ሳይክል ወደ አማን በረረ።

እኔ የነቃሁት ከሸኮ ስንወጣ ነው። ከተጋደምኩበት በመስኮቱ ሳይ መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ቆሟል። ወንዶቹ ባርኔጣ አውልቀዋል፣ ሴቶቹ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገዋል። ልቤ በኩራት አበጠ። ይች መኪና ምን ያህል ግርማ ሞገስ ቢኖራት ነው! እንዲህ የምትከበር መኪና መግዛት እንጂ መከራየት አያዋጣም፤ ሙሉን እንዴት እንደማሳምናት አሰብኩ። ጨዋ ሰው ነኝና እጄን ከጋቢው ውስጥ አውጥቼ ሰላምታ ሰጠሁ። አንዲት ሴትዮ ጮሃ የተሸከመችውን ሙዝ ጥላ ወደ ቡናው ውስጥ ሮጠች። «አገሩ ላይ ፎርዊል አይተው አያውቁም እንዴ?» አልኩና መልሼ ተኛሁ።

በዚያ ጊዜ ሞባይል ሚዛን ከገባ ቆይቷል፤ ኔትወርኩ ግን ጫካው ውስጥ አብሮን አይሄድም። ሚዛን ልንቃረብ ስንል ስልኬ ጮኸ። አባባ ማርቆስ ናቸው።

«ሄሎ፣ አባባ!»

«ይሄ የሟቹ የታዬ ስልክ ነው። ማን ልበል?»

«ታዬ ነኝ እንጂ!»

«ታዬን ነፍሱን ይማረው። አንተ ማነህ? ሹፌሩ ነህ? አስከሬኑ የት ደረሰ?»

«አባባ፣ አስከሬኑ እኔ ነኝ! ማለቴ፣ አልሞትኩም! ተኝቼ ነው!»

«ወልዴ በዓይኑ አይቶሃል» አሉ፤ እኔን ከማመን ወልዴን ማመን የቀለላቸው ይመስላል። «ድንኳን ተተክሏል...»

ተቋረጠ። ኔትወርኩ ሄደ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ሳቁ ጉሮሮዬ ሳይደርስ ሙሉ ትዝ አለችኝ። ድንኳን ከተተከለ፣ ሰው ከተሰበሰበ፣ ሙሉ ባሏ መሞቱን ሰምታለች ማለት ነው። ስምንት ወር። ሐኪሙ መደንገጥ የለም ያላት ሴት። ያ ደም፣ ያ ፊት። ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኳን መታሁ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ መታሁ፤ አይነሳም።

«ሙክታር ፍጠን!»

«ጋሼ፣ ቀስ በል አላልከኝም?»

«ሙክታር፣ ሞቻለሁ ተብሏል! ሚስቴ እርጉዝ ናት!»

እማማ ወርቄ ዞር ብለው አዩኝ። በወልዴና በእሳቸው መካከል የሆነው ነገር ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፣ ቅርንፉዱን ጥቅልል አድርገው በመስኮት ተፉት። «እኔ ነኝ የገደልኩህ! ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት!» ብለው ሁለት ጉንጫቸውን በጥፊ መቱ፤ ያበጠውንም ጭምር። ጥርሳቸውን ረስተውታል።

ያ ጎበዝ ልጅ ያን የጠጠር መንገድ አበረረው። እኔ ጋደም ማለቱን ትቼ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት አንገቴን አስግጌ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አስቁሜው ወርጄ ነበር። ለምን እንደወረድኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ጊዜ የለንም። ሙሉ ስልክ አታነሳም። በሕይወቴ ቀልድ ያልመጣልኝ መንገድ ያ ብቻ ነው። «ይህችን መኪና መግዛቱ ይቅርብኝ፣ ቀለሙም ይቅርብኝ፣ ኪራይም ትሁን፣ ብቻ ሙሉ ትቆየኝ» እያልኩ ከማርያም ጋር ስደራደር ነበር።

የእኛ ዳገት ደረስን። ያቺ ሰማያዊ መኪና የተቀመጠችበትን ጭቃ ነጯ መኪና ጉርር ብላ እንደ ፍየል ወጣችው።

ድንኳኑ የተተከለው እኛ ግቢ አልነበረም፤ ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ግቢ ነው። ሰዉ መኪናዋን ሲያይ «ወዮ!» ብሎ ተነሳ። እኔ የኋላውን በር ከፍቼ አፉን በከፈተው ጫማዬ ዱብ አልኩ።

ግማሹ ወደ ቡናው ሮጠ። ግማሹ ባለበት ቀረና ጮኸ። ወልዴ ጡሩምባውን ጥሎ አማተበ። አባባ ማርቆስ ብቻ አልሮጡም፣ አልጮሁም። ከራስ ፀጉሬ እስከ ተከፈተው ጫማዬ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ታዬ» አሉ፤ «ቁመቱ ይበቃል?»

«ይበቃል አባባ። ሙሉስ?»

መልስ ሳይሰጡኝ ከጓሮው አንድ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?»

ሙሉ ናት። ሆዷን አስቀድማ፣ ቢላ ይዛ፣ ዓይኗ በሽንኩርት ቀልቶ ከጓሮ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእኛ ዘንድ መርዶ ድንገት አይነገርም፤ ለእርጉዝ ደግሞ ጭራሽ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓት ተጠብቆ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ስለዚህ አስከሬኑ እስኪደርስ ድንኳኑን እትዬ ድንቄ ግቢ ተክለው፣ ለሙሉ «የእትዬ ድንቄ የአጎት ልጅ ጅማ ሞተ» ብለዋታል። ሙሉ ደግሞ ጎረቤት አዝኖ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ስልኳን ቤት ጥላ ሄዳ ለለቀስተኛው ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። ሴቶቹ እሷን እያዩ ሲነፈርቁ ሽንኩርቱ መስሏት «ራቅ በሉ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ትላቸዋለች። እትዬ ድንቄንማ ስታጽናናት ውላለች።

«ታዬ!» አለችኝ በቁጣ። «ሰው ሞቶ ነው መኪና ይዘህ እያጓራህ ግቢ የምትገባው? አታፍርም?»

«ማን ነው የሞተው?»

«የእትዬ ድንቄ የአጎት ልጅ።»

«ማን ይባላል?»

ሙሉ ወደ እትዬ ድንቄ ዞረች። እትዬ ድንቄ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ሙሉ እኔን አየች። ድንኳኑን አየች። የወደቀውን ጡሩምባ አየች። በመጨረሻ የያዘችውን ቢላ አየች።

«ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፍኩት ለአንተ ነው?» አለች።

ከዚያ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በትከሻዋ፣ ከዚያ በሆዷ። ሰዉም ከቡናው ውስጥ እየወጣ አብሮ ሳቀ። እማማ ወርቄ እያለቀሱ ሳቁ። ሙሉ የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ጎንበስ ብላ ስትስቅ ስትስቅ፣ ድንገት ሆዷን ያዘች። ፊቷ ተለወጠ።

«ታዬ» አለች በቀስታ። «ውሃው ፈሰሰ።»

ሳቁ እንደ ሻማ እፍ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ በቅጡ አላስታውስም። ሙክታር መኪናዋን አዙሯታል። ሴቶቹ ፍራሽ ዘርግተዋል። ሙሉ እኔ የተጋደምኩበት ቦታ ላይ፣ እኔ የለበስኩትን ጋቢ ለብሳ ተጋደመች። ለቀብሬ የመጡት ወንዶች ምናልባት ጭቃው ቢይዘን ብለው አካፋ ይዘው ከኋላ እየሮጡ ተከተሉን። አላስፈለጉም። መኪናዋ ያንን ቦታ ስታልፍ ሙሉ እጄን አጥብቃ ያዘች።

«ተዋዋልክ?» አለችኝ በምጥ መካከል።

«አልተዋዋልኩም።»

«ማል።»

«እማማ ይሙቱ!» አልኩ። ከፊት እማማ ወርቄ «ኧረ ተወኝ፣ ለዛሬ ይበቃል!» አሉ።

«ተከራያት» አለች ሙሉ።

«ሙሉዬ፣ አሁን ይሄ...»

«አሁን!» ብላ እጄን ጨመቀችው። ያ እጄ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል።

ሆስፒታል በሰዓቱ ደረስን። ነርሶች በሩ ላይ ተቀብለው አስገቧት። እኛም ውጪ አግዳሚው ወንበር ላይ ተደረደርን፤ ሊቀብሩኝ የወጡት ሁሉ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዲት ነርስ ወጥታ «ደም ጀምሯታል» አለች። ብድግ አልኩ። «ግን ቀድማችሁ ስለመጣችሁ ይዘነዋል» አለችና ተመልሳ ገባች። ይዘነዋል የሚለውን ቃል በልቤ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም።

መጠበቁ ሲከብደኝ አባባ ማርቆስን «ለመሆኑ ቀብሬ ላይ ምን ሊሉ ነበር?» አልኳቸው።

አሰቡ። «ደግ ሰው ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ጎረቤት አክባሪ ነበር። መኪና ግን አያውቅም ነበር።»

«አባባ! አፈር ሳልለብስ?»

«ቀብር ላይ ሰው አይዋሽም» አሉ።

ፀሐይ ሳትገባ ነርሷ ተመልሳ መጣች። ስትስቅ አየኋት። «ወንድ ነው። እናትየዋም ደህና ናት፤ ባሌ ከሞት ተነስቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች» አለች። ቀልድ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ወልዴ ትከሻዬን ይዞ አብሮኝ አለቀሰ፤ በሙያው ገብቶ። ከዚያ እማማ ወርቄ እልል አሉ፤ ያ ያበጠ ጉንጫቸው እልልታ እንዴት እንዳወጣ እግዜር ይወቅ።

ድንኳኑ አልፈረሰም። ለለቅሶዬ የተሠራው ወጥ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ተብሎ ተበላ። ጣፋጭ ነበር፤ ሽንኩርቱ በዝቶበታል እንጂ።

መኪናዋን ከነሙክታር በወር ተከራየን። ሙሉ አራስ ቤት ሳለች መኪናዋ ለሁለት የሰፈር ሰው ነፍስ ደርሳለች፤ ቁመቷ በቅቷል። ሙሉ ከተነሳች በኋላ ራሷ ዝናብ ላይም ዳገት ላይም ነዳቻት፤ ጠባይዋን አጠናች፤ ከዚያ ሐጂ ከድር ጋ ሄዳ ገዛቻት። ውሉ ላይ እኔ ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁ። አስተያየት አልተጠየቅኩም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ በእግሬ አልመታም። ምክር የሚጠይቀኝ ሲመጣ የምለው አንድ ነው፤ ለመግዛት አትቸኩል፣ ኪራይ ነው ብለህም አትፈር፤ መጀመሪያ ማን እንደሚነዳትና ማን እንደሚተኛባት ጠይቅ። ቤት ስትደርስ ደግሞ ለማን እንደተከተፈ የማታውቀው ሽንኩርት ካለ፣ አንተ በሕይወት በመኖርህ ብቻ አመስግን። እኔ ሞቼ ያየሁት ነገር ቢኖር ሰፈር ሙሉ ሰው አንዲት ሴት እንዳትደነግጥ ብሎ በአንድ ልብ ሲዋሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ፍለጋ በር ሲንኳኳ እኔ ነኝ ቀድሜ የምነሳው። ሙሉን ለመቀስቀስ።

አሁን ያቺን ቃሌን ልፈጽም። መንገድ ላይ አስቁሜ ለምን ወረድኩ ብላችኋል። ሙሉም፣ አባባ ማርቆስም እስከ ዛሬ የሚያውቁት ለዕድሩ ብዬ ቁመት ስለካ እንደመጣሁ ነው፤ ይህን ሲያነቡ ይወቁት። ቁመት ልለካ አልነበረም የተኛሁት። መኪና ያዞረኛል። ሎሚውም ለዚያ ነው፣ ቁርስ አለመብላቴም ለዚያ ነው። ተቀምጬ ከተጓዝኩ ያስመልሰኛል፤ ያን ቀንም አስመልሶኛል። ሰው ሁሉ ስለ መኪና የሚያማክረኝ እኔ፣ ዛሬም ቢሆን ከቤቴ እስከ ሚዛን ገበያ ድረስ የምሄደው ከኋላ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ነው።